መቅኔ ከተተከለላቸው በኋላ በሕሙማን ላይ ስለሚነሡ የተሐዋስያን በሽታዎች

በሽተኛውን ለማዳን ሲሉ አስቀድመው እስከ ሞት ደጃፍ የሚያደርሱ ሕክምናዎች ብዙ አይደሉም፤ ከነዚህም አንዱ የአጥንት መቅኔ ተከላ ነው። የደም ካንሰር የያዘው ሰው የታመመው መቅኔው በብርቱ መድኃኒት፥ አንዳንድ ጊዜም በጨረር ጭምር ይደመሰስና ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ወይም ፈጽሞ ከማያውቀው በጎ ፈቃደኛ የተወሰደ ጤነኛ መቅኔ እንደ ተራ ደም በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አሮጌው ከጠፋበት ቀን አንሥቶ አዲሱ ጸድቆ እስኪያፈራ ድረስ ግን በመካከሉ ባዶ ጊዜ አለ። ካንሰሩ ተሸንፎ ሳለ ሰውየው በሌላ ጠላት፥ ይኸውም በተሐዋስያን የሚሞተው በዚህ ባዶ ጊዜና እርሱን ተከትለው በሚመጡት ወራት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ስለምን እንደሚሆንና ሐኪሞችም ምን እንደሚያደርጉለት ለማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መቅኔ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቅልጥም ሰብሮ የመጠጠ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በጎልማሳ ሰው የእግር አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ አብዛኛው ወደ ቅባትነት የተለወጠና ሥራ የፈታ ነው። ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኔ የሚገኘው በዳሌ፥ በፍርምባ፥ በጎድንና በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ነው። በዚያም ግንደ ሕዋስ የሚባሉት የደም ሁሉ እናቶች ይኖራሉ፤ ቀዩም የደም ሕዋስ፥ ነጩም፥ ደምን የሚያረጉት ጥቃቅኖችም የሚወለዱት ከነዚሁ ነው። ለነገራችን የሚያስፈልጉን ነጮቹ ናቸው፤ ከነርሱም ሁለቱን ወገን ለይተን እንያቸው። አንደኛው ኒውትሮፊል ይባላል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ በገባበት ሁሉ ፈጥኖ ደርሶ የሚውጥ ሕዋስ ነው። ዕድሜው በጣም አጭር ስለ ሆነ መቅኔ በየቀኑ አንድ መቶ ቢሊዮን ያህል እየሠራ መተካት አለበት። ሁለተኛው ሊምፎሳይት ነው፤ ይህኛው ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፥ ያለፈውንም በሽታና የተወሰደውን ክትባት እያስታወሰ የሚጠብቅ ነው። መቅኔ ሲደመሰስ ኒውትሮፊል በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቃል፥ አዲሱ ተከላ ሲጸድቅም ፈጥኖ ይመለሳል። የሊምፎሳይት ሠራዊት ግን እንደገና ተወልዶ፥ ተምሮና ተደራጅቶ እስኪቆም ድረስ ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። አንባቢ ይህን ልዩነት ከያዘ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ቀላል ይሆንለታል።

ሥራው የተጀመረው በብዙ ውድቀት ነበር። ዶክቶር ዶናል ቶማስ በኒው ዮርክ አገር በኩፐርስታውን በ1957 መቅኔ በደም ሥር የተሰጣቸውን ስድስት ሕሙማን ነገር ጽፈው አወጡ፤ ከስድስቱ ከመቶ ቀን በላይ የኖረ አልነበረም። በ1968 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክቶር ሮበርት ጉድና ባልደረቦቻቸው ሰውነቱ መከላከያ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ከእኅቱ መቅኔ ተክለው አዳኑት። ዶክቶር ቶማስም በሲያትል ሥራቸውን ሳያቋርጡ ቀጥለው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ሕክምናውን ወደ ፊት ካራመዱት ነገሮች አንዱና ትልቁ፥ በእኔ አስተያየት፥ ተሐዋስያንን የመከላከሉ ጥበብ ነው።

ስለ ስሙም አንድ ቃል ልናገር። ፈረንጆች ኢንፌክሽን የሚሉትን እኛ «ተላላፊ በሽታ» እያልን መጥራት ለምደናል። ለኩፍኝና ለሳምባ ነቀርሳ ይህ ስም ይስማማል። ለመቅኔ ተከላ ሕሙማን ግን አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም የሚገድላቸው ተሐዋሲ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው የተላለፈ ሳይሆን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአንጀታቸው፥ በቆዳቸው ወይም በነርቭና በደም ሕዋሳቸው ውስጥ ተደብቆ አብሯቸው የኖረ ነው። ጌታው ብርቱ በነበረ ጊዜ እንደ ጭሰኛ ተጐንብሶ የኖረው ሁሉ ቀን ሲጐድልበት ይነሣበታል። ስለዚህ በርእሱ ላይ «የተሐዋስያን በሽታ» ማለትን መርጫለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንግባ። በ1966 ዶክቶር ጄራልድ ቦዲና ጓደኞቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የደም ካንሰር በሽተኞችን ደም እየቈጠሩ አንድ ቀላል ነገር አስረዱ፤ ኒውትሮፊል ሲያንስ የተሐዋስያን በሽታ ይበዛል፥ የማነሱም ጊዜ ሲረዝም አደጋው አብሮ ያድጋል። ዛሬ ሐኪሞች በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲሆን አደገኛ፥ ከ100 በታች ሲሆን እጅግ አደገኛ ይሉታል። የመቅኔ ተከላ በሽተኛ ከነዚህ ቀናት ብዙዎቹን የሚያሳልፈው ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ነው። ግንደ ሕዋሱ ከደም የተሰበሰበ እንደ ሆነ ሁለት ሳምንት ያህል፥ ከመቅኔ የተቀዳ እንደ ሆነ ሦስት ሳምንት ያህል፥ ከእትብት ደም የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ አራት ሳምንት ያህል ይጠብቃል።

በዚህ አጋጣሚ ለእኛ አገር ተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ላንሣ። ከአፍሪቃውያን ብዙዎች፥ ከየመን አይሁድና ከኢትዮጵያውያንም መካከል ብዙ ሰዎች ያለ አንዳች ሕመም የኒውትሮፊላቸው ቍጥር ፈረንጆች በመጽሐፍ ከሚጽፉት ዝቅ ያለ ነው። ይህም ዳፊ የተባለው ምልክት በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ካለመኖሩ ጋር የተያያዘ የትውልድ ጠባይ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሰው የበለጠ በተሐዋስያን አይጠቁም፤ መቅኔያቸው ጤነኛ ስለ ሆነ በችግር ቀን የሚልከው ተጠባባቂ አለው። እንግዲህ ቍጥሩ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አይናገርም ማለት ነው። በተከላ በሽተኛ ዘንድ የሚያስፈራው በደሙ ያለው ቍጥር ማነሱ ብቻ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለው ጐተራ ባዶ መሆኑ ነው።

ጐተራው ባዶ በሆነበት ሰዓት ደግሞ በሮቹ ይከፈታሉ። መቅኔውን የሚደመስሰው መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚራቡትን ሕዋሳት ሁሉ ስለሚመታ የአፍና የአንጀት ስስ ልባስ ይላጣል፥ ይቈስላል። በሽተኛው ምራቁን መዋጥ እስኪያቅተው ድረስ ይታመማል። በአንጀቱ ውስጥ በሰላም ይኖሩ የነበሩት ኢ ኮላይ፥ ክሌብሲዬላና ሱዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች በዚያ ቍስል በኩል ወደ ደም ይገባሉ፤ ከአፍ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ ይከተላል። መድኃኒት የሚሰጥበት በደረት በኩል ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦም ለቆዳው ስታፊሎኮከስ መንገድ ይሆናል። ይህን ሁሉ ባክቴሪያ ወደ በሽተኛው ያመጣው ማንም ጐብኚ አይደለም።

ሁሉንም የሚያብሰው በሽታው ምልክት ማጣቱ ነው። መግል ማለት እየተዋጉ የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው፤ ኒውትሮፊል የሌለው ሰው መግል የለውም። ቍስሉ አይመግልም፥ ሳምባው በተሐዋሲ ተይዞ ሳለ የራጅ ፎቶግራፉ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለሐኪሙ የሚቀረው ብቸኛ መልእክተኛ ትኩሳት ነው። ቀድሞ ሐኪሞች የተማሩት ደም ወስዶ፥ በላቦራቶሪ አራብቶ፥ ተሐዋሲው በስሙ ከታወቀ በኋላ ለርሱ የሚስማማውን መድኃኒት መስጠት ነበር። የላቦራቶሪው መልስ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በሱዶሞናስ የተመረዘ ደም ያለው በሽተኛ ግን ያን ያህል አይቈይም። በ1971 ዶክቶር ስቲቨን ሺምፍና ባልደረቦቻቸው ትኩሳቱ እንደ ታየ፥ የተሐዋሲው ስም ሳይታወቅ፥ ካርቤኒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች አንድነት መስጠት ሰው እንደሚያድን አሳዩ። በፍርድ ቤት አስቀድሞ ምስክር ይሰማል፥ ፍርድ በኋላ ይሰጣል፤ በዚህ ግን ቅጣቱ ይቀድማል፥ ምስክሩ ኋላ ይመጣል። መድኃኒቶቹ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተተክተዋል፤ ሥርዐቱ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እንዲያውም ትኩሳቱ በታየ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው መርፌ እንዲሰጥ ይመከራል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የበሽተኛውን ሙቀት ለክታ ሳትዘገይ ሐኪሙን የምትቀሰቅስ ነርስ ከብዙ ውድ መሣሪያ ትበልጣለች።

ከውጭ ከሚመጡት መካከል በእውነት የሚያስፈራው አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ነው። ዘሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሚክሮን የሚሆን ትቢያ ነውና ጤነኛ ሰው በየቀኑ ሳያውቀው ይተነፍሰዋል። ኒውትሮፊል በሌለው ሳምባ ውስጥ ግን ይበቅላል፥ የደም ሥሮችንም ሰብሮ ይገባል። በሆስፒታል ግቢ ግድግዳ ሲፈርስና መሠረት ሲቈፈር አቧራው ይህን በሽታ ሲያስነሣ በብዙ አገር ታይቷል። ስለዚህ የተከላው ክፍል አየር 0.3 ሚክሮን ከሚሆኑት ቅንጣቶች ከመቶ 99.97ቱን በሚይዝ ማጣሪያ ያልፋል፤ አበባና አፈር ያለበት ማሰሮም አይገባም። በ2002 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ቮሪኮናዞል የተሰጣቸው የዚህ ሻጋታ በሽተኞች ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ከመቶ 71 ያህሉ በሕይወት ሲገኙ፥ አምፎቴሪሲን የተባለውን ነባሩን መድኃኒት ከወሰዱት የተረፉት ከመቶ 58 ያህሉ ነበሩ።

የአፍ ቍስል የሚያወጣው የሄርፐስ ቫይረስም የሚነሣው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1981 በወጣ ጥናት ለአሥር የተከላ ሕሙማን አሲክሎቪር፥ ለሌሎች አሥር ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ከባዶዎቹ ሰባቱ በሄርፐስ ቈሰሉ፤ አሲክሎቪር ከወሰዱት አንድም አልቈሰለም። የሕሙማኑ ቍጥር ሃያ ብቻ መሆኑን እያየን እንኳ ውጤቱ ይህን ያህል ግልጥ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ኒውትሮፊል ተመልሶ ቍጥሩ ከ500 ሲያልፍ ተከላው ጸደቀ ይባላል፥ በክፍሉም ደስታ ይሆናል። ነገር ግን አዲሱ መቅኔ እንግዳ ነው። ከለጋሹ ጋር የመጡት ሊምፎሳይቶች የተቀባዩን ሰውነት ባዕድ አድርገው ቆዳውን፥ አንጀቱንና ጕበቱን ሊያጠቁ ይችላሉ፤ እንግዳው ባለቤቱን ሲደበድብ ማለት ነው። ይህንንም ለማስታገሥ ሲክሎስፖሪንና ፕሬድኒሶሎን የመሳሰሉት ሊምፎሳይትን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ገና በእግሩ ያልቆመውን ሠራዊት በገዛ እጅ ማሰር ነው፤ ባይታሰር ደግሞ ቤቱን ያፈርሳል። በመቅኔ ተከላ ውስጥ ካሉት ችግሮች ሁሉ እንደዚህ ያለ ከሁለት ወገን የሚወጋ አላገኘሁም።

የሁለተኛው ዘመን ዋና ጠላት ሳይቶሜጋሎቫይረስ ነው። በእኛና በአብዛኛው የአፍሪቃ አገር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በልጅነቱ ይይዘዋል፥ ሳያውቀውም ተሸክሞት ይኖራል። ሊምፎሳይት ሲደክም ግን ተነሥቶ ሳምባን ይይዛል፤ ቀድሞ ይህ የሳምባ በሽታ ከያዛቸው የተከላ ሕሙማን ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት ይሞቱ ነበር። ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ሲገኝም ሳምባው ከተያዘ በኋላ ብቻውን ብዙም አልረዳም። በኋላ የተገኘው ብልኀት በየሳምንቱ የበሽተኛውን ደም መርምሮ ቫይረሱ መባዛት ሲጀምር፥ ሰውየው ገና ጤነኛ መስሎ ሳለ፥ መድኃኒቱን መጀመር ነው። ይህም ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ጋንሲክሎቪር ራሱ መቅኔን ይጐዳልና ኒውትሮፊልን መልሶ ያወርዳል፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደጋ ተመልሶ ይመጣል። በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሌተርሞቪር መቅኔን ስለማይነካ አስቀድሞ ለመከላከያ ሊሰጥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ለድሃ አገር የሚቀመስ አይደለም።

የተደበቀ ቫይረስ ምን እንደሚያደርግ ከዴቪድ ቬተር ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ይህ ልጅ በ1971 በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ ተወለደ። ከርሱ በፊት የተወለደው ወንድሙ ሰውነቱ መከላከያ የሌለው ሆኖ በሰባት ወሩ ሞቶ ስለ ነበረ፥ ዴቪድ ከማኅፀን እንደ ወጣ ወዲያው ምንም ተሐዋሲ በሌለበት የላስቲክ ክፍል ውስጥ ገባ። የተጠመቀው እንኳ ከተሐዋስያን በጸዳ ጠበል ነው። አየሩ የተጣራ፥ ምግቡ፥ መጽሐፉና መጫወቻው ሁሉ የተቀቀለ ወይም በጋዝ የታጠበ ነበር፤ ወላጆቹ የሚነኩት በግድግዳው ላይ በተሰፋ ጓንት ነው። እንዲህ ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ። የሚስማማ ለጋሽ አልተገኘለትምና በ1983 ሐኪሞቹ ፍጹም ተስማሚ ያልሆነውን የእኅቱን መቅኔ ሰጡት፤ እንግዳው ባለቤቱን እንዳያጠቃ ቲ የሚባሉትን ሊምፎሳይቶች አስቀድመው አጥርተው አውጥተውለት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳትና ተቅማጥ ጀመረው። በፌብሩዋሪ 1984 ለማከም እንዲመች ከላስቲኩ አወጡት፤ እናቱም ያን ጊዜ ያለ ጓንት ነካችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ።

አስከሬኑ ሲመረመር ሰውነቱ በሊምፎሳይት ዕጢ ተመልቶ ተገኘ፤ በዕጢውም ውስጥ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ነበረ። ይህ ቫይረስ በ1964 በለንደን የተገኘው ከዩጋንዳ ከተላከ የሕፃናት ዕጢ ነው፤ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ጐልማሶች ይሸከሙታል፥ ምንም አያደርጋቸውም። የዴቪድም እኅት ጤነኛ ነበረች፤ ቫይረሱ ግን በመቅኔዋ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አየሩና እንጀራው የተጣራለት ልጅ፥ ብቸኛው ሳይመረመር የገባለት ነገር መድኃኒቱ ሆነ። በዚያ ዘመን ይህን ቫይረስ በለጋሽ መቅኔ ውስጥ መርምሮ የማግኘት ልማድ ስላልነበረ በሐኪሞቹ ላይ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ብናየው የጐዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ ቫይረሱን የሚጠብቁት የቲ ሊምፎሳይቶች ስለ ደኅንነቱ ሲባል ተጣርተው ወጥተዋል። እስረኛው ከነቤቱ መጣ፥ ዘበኞቹ ቀሩ።

መፍትሔውም የተገኘው ከዚሁ ነው። በ1994 በኒው ዮርክ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ዕጢ ለወጣባቸው አምስት የተከላ ሕሙማን የለጋሻቸውን ነጭ ሕዋሳት መልሰው ሰጡ፤ በአምስቱም ዕጢው ቀለጠ። ሆኖም ሕዋሳቱ ሳይመረጡ ስለሚሰጡ ባለቤቱን ማጥቃታቸው አልቀረም። በ1995 ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት ይህን ቫይረስ ብቻ የሚያውቁትን ቲ ሊምፎሳይቶች በላቦራቶሪ እያራቡ መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። በ2022 መጨረሻ ከማይዛመድ ለጋሽ ተራብቶ የሚቀመጥ እንዲህ ያለ መድኃኒት በኤውሮፓ ተፈቅዷል። ዴቪድን ያሳጣው ሕዋስ ዛሬ በጠርሙስ ሆኖ ይጠብቃል ማለት ነው።

ከመቶኛው ቀን በኋላ ያለውን በአጭሩ ላልፈው። የቀድሞው ክትባት ሁሉ ከአሮጌው መቅኔ ጋር ይጠፋል፤ የአርባ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን እንደገና ይከተባል። የሳምባ ምች ባክቴሪያ ክትባት ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ይጀመራል፤ ሕያው ተሐዋሲ ያለበት የኩፍኝ ክትባት ግን ከሁለት ዓመት በፊት አይሰጥም፥ ያኔም ቢሆን መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሰጥም። የሳምባ ምች ባክቴሪያና አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሚያወጣው ቫይረስ በዚህ ዘመን ብዙ ያጠቃሉ። ኒሞሲስቲስ የተባለውን የሳምባ በሽታ ግን በርካሹ በኮትሪሞክሳዞል መከላከል እንደሚቻል በ1977 ተረጋግጧል፤ ይህ ኪኒን በእኛ አገር ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሕሙማን ስለሚሰጥ ስሙን የማያውቅ ጥቂት ነው።

የምዕራባውያን መጻሕፍት በጥቂት መስመር የሚያልፏቸው ነገር ግን ለእኛ ሰው ዋና የሆኑ ተሐዋስያን አሉ። የሳምባ ነቀርሳ ተኝቶባቸው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸውና ከተከላው በፊት መመርመር አለባቸው። በሽታው ከተነሣ በኋላ ማከሙ ከባድ ነው፤ ሪፋምፒሲን ሲክሎስፖሪንን ከደም ውስጥ ፈጥኖ ስለሚያጠፋው፥ ነቀርሳውን ስናክም እንግዳውን ከእስር እንፈታዋለን። በመተማና በሑመራ ቆላ የኖረ ሰው ካላዛርን ሊሸከም ይችላል፤ መከላከያ ሲደክም ይህ በሽታ እንዴት እየተመላለሰ እንደሚያገረሽ በዚያ አገር ከኤች አይ ቪ ሕሙማን ታይቷል።

ሌላው ስትሮንጊሎይደስ የሚባለው ጥቃቅን የአንጀት ትል ነው። በባዶ እግር ከሚረገጥ እርጥብ አፈር በቆዳ በኩል ይገባል። ከሌሎች ትሎች የሚለየው በዚያው በሰውየው ሰውነት ውስጥ ትውልዱን መቀጠል መቻሉ ነው፤ በልጅነቱ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በውጭ አገር ከተማ ተቀምጦም ቢሆን ሊኖርበት ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ሲሰጠው ትሉ ያለ ልክ ይባዛል፥ ከአንጀት እየበሳ ወደ ሳምባና ወደ አንጐል ይሄዳል፤ ሲሄድም የአንጀትን ባክቴሪያ ተሸክሞ ወደ ደም ያስገባል። እዚህ ላይ ሐኪሙ ደሙ በኢ ኮላይ ተመርዞ ሲያገኝ ምንጩን ላያስብ ይችላል፤ በሽተኛው የት እንዳደገ የጠየቀው እንደ ሆነ ግን ያስባል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ የወንዝ ዳር ዕውርነትን ለመከላከል ለሕዝብ በነጻ ሲታደል የኖረው ኪኒን ማለት ነው። ከተከላው በፊት ጥቂት ኪኒን መዋጥ ይበቃል።